በኑሮ ውድነት ዘመን ትንሽ የችግኝ መሸጫን ስለ ማቆየት

በከተሞቻችን መግቢያና መውጫ፥ በወንዝ አፋፍና በመንገድ ዳር፥ ጥቂት የችግኝ መደብ ደርድረው፥ ከቀርከሃና ከሣር ዳስ ሠርተው፥ አበባና የፍሬ ተክል፥ የቅመምና የመድኃኒት ቅጠል እየሸጡ የሚተዳደሩ ሰዎች መኖራቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን መንገደኛም ሆነ ሹም በዚያ ሲያልፍ የሚመለከታቸው ብዙ ጊዜ እንደ መንገድ ጌጥ ነው እንጂ እንደ ሥራ ቤት አይደለም። ሥራው ግን ሥራ ነው፤ ገንዘብ ይወጣበታል፥ ሠራተኛ ይቀጠርበታል፥ ዕውቀት ይጠይቃል፥ ይከስራልም። ዛሬ ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣነው፥ የዕቃ ዋጋ በናረበትና የገዢ እጅ ባጠረበት ዘመን ይህ ትንሽ ሥራ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚወድቅ የአገር አስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ቦታ የሚያከራዩ ባለይዞታዎች ቢያውቁት፥ ሊያድኑት የሚችሉት እጅግ በጥቂት ወጪና ድካም ስለ ሆነ ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት ነገር ነው። ጨርቅ የሚነግድ ሰው ገበያው ሲቀዘቅዝበት ሱቁን ዘግቶ ቀን መጠበቅ ይችላል፤ ጨርቁ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ውኃ አይጠይቀውም። የባለችግኙ ዕቃ ግን ሕይወት ያለው ነውና ገዢ መጣም አልመጣም ይጠጣል፤ አረሙ ይነቀልለታል፤ ሥሩ ከላስቲኩ አልፎ መሬት እንዳይዝ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ እየተነሣ ይቈረጣል። ከዚህም ሌላ ያድጋል። በሰኔ ለመትከል የተመቸው ችግኝ ሳይሸጥ ለከርሞ ሰኔ ቢደርስ፥ ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ፥ ግንዱም ቀጥኖና ረዝሞ ይገኛል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ስለዚህ ባለችግኝ በክፉ ዘመን ጥቂት ልታገሥ ሊል አይችልም፤ መታገሡ ራሱ ወጪ ነውና።

የዓመቱን ሥራ በወራት ብንከተለው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በሰኔና በሐምሌ ለሚተከል የዛፍ ችግኝ ዘሩ የሚዘራው፥ እንደ ዛፉ ዓይነት፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። አፈር የሚገዛው፥ ላስቲክ የሚሞላው፥ ዳስ የሚታደሰው በዚያን ጊዜ ነው፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ዝናም ሲጥል ነው። በመካከሉ ያሉት ስድስትና ሰባት ወራት ለሰማዩም ለኪሱም ደረቅ ወራት ናቸው።

የመደቡንም ስሌት እንይ። ባዶውን ተዘርግቶ ሲለካ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ፥ አፈር ሲሞላ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ወርዱ 1 ሜትር፥ ርዝመቱ 10 ሜትር በሆነ አንድ መደብ ላይ ወደ 3,800 የሚሆን ችግኝ ይቆማል። የእያንዳንዱ ላስቲክ ቁመት 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ለዚህ ለአንዱ መደብ ብቻ ከ1 ሜትር ኩብ የሚበልጥ አፈር ያስፈልጋል። አፈሩም ከተገኘበት የሚታፈስ አይደለም፤ የተለመደው ሦስት እጅ መልካም የላይ አፈር፥ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፥ አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር በዚህ ላይ አለ፤ ችግኝ በተሸጠ ቍጥር አፈሩም አብሮ ይሸጣል። ባለችግኙ አፈሩን በእፍኝ በእፍኝ ለደንበኞቹ ሲያድል ስለሚከርም፥ በየዓመቱ አዲስ አፈር በመኪና ወይም በጋሪ ማስመጣት አለበት። ነዳጅ ሲወደድ ችግኝ ለምን ይወደዳል ብሎ የሚደነቅ ሰው ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው።

እንግዲህ ስለ ዋጋ እንናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ክረምቱ የበረታበት፥ ችግኝም በሙሉ ኃይሉ የሚሸጥበት ሰሞን ነው። በዚያ ቀን በመደብ ላይ ቆሞ የነበረው ችግኝ የፈላው በኅዳርና በታኅሣሥ ዋጋ ነው። ለሚመጣው ዓመት የሚገዛው ላስቲክ ግን ጥሬ ዕቃው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ ምርጥ የሚባለው የቲማቲምና የጥቅል ጎመን ዘርም አብዛኛው እንደዚሁ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በአዲሱ ዋጋ ሆነ።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድን ችግኝ ለማሳደግ 25 ብር አውጥቶ በ40 ብር የሚሸጥ ሰው 15 ብር አተረፍሁ ይላል እንበል። ነገር ግን ያንኑ ችግኝ በመደቡ ላይ መልሶ ለመተካት 38 ብር የሚፈጅበት ከሆነ፥ እውነተኛ ትርፉ 2 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው 13 ብር ትርፍ መስሎት የበላው የከርሞ መቋቋሚያው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ በሸጠ ቍጥር ፈጥኖ ይደኸያል፤ ሐምሌን በደስታ ያሳልፍና ኅዳር ሲገባ መደቡን የሚሞላበት ያጣል። መድኃኒቱ የታወቀና ቀላል ነው። በደብተር ላይ የገዛበትን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዛሬ ቢገዛ የሚያስወጣውን ዋጋ በየወሩ መጻፍ፥ የሚሸጥበትንም በዚህ መወሰን ነው። ሁለተኛም፥ ገንዘብ በሚገባበት በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣውን ዓመት ላስቲክ አስቀድሞ መግዛት ነው። ላስቲክ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ከተቀመጠ በአንድ ዓመት አይበላሽም፤ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ብር ግን በዚያው ዓመት ውስጥ ብዙ ኃይሉን ያጣል። መበደርን በሚመለከት፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለውን የአገራችንን ተረት ማስታወስ መልካም ነው፤ ለጌጠኛ ዳስና ለአዲስ አጥር ተበድሮ የቆየ ትንሽ የችግኝ መሸጫ እምብዛም አይገኝም።

በየችግኝ ቦታው የሚሰማው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። "እትዬ፥ አምና እኮ በግማሽ ዋጋ ነበር የወሰድሁት" ይላል ገዢው። "እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ ላስቲኩም አፈሩም አምና በግማሽ ዋጋ ነበር" ትላለች ሻጯ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ አራት ሊወስድ የመጣውም ሁለት ይዞ ይሄዳል። ብልህ ሻጭ በዚህ ጊዜ በትልቁ ችግኝ ላይ ዋጋ አይሰብርም፤ ትንሹንና ገና በጠባብ ላስቲክ ያለውን አውጥቶ በርካሽ ያቀርባል። ገዢው አራቱንም ይዞ ይሄዳል፤ የማሳደጉም ድካም ወደ እርሱ ቤት ይዛወራል። ሻጯም ሦስት ወር ታጠጣው የነበረውን ውኃ ታተርፋለች። ችግኝን በሦስት መጠን ከፍሎ በሦስት ዋጋ ማስቀመጥ በደኅና ዘመን የጥበብ ያህል ነው፤ በክፉ ዘመን ግን ግድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ምን ይፈላ የሚለው ነው። በደኅና ዘመን ለሆቴል፥ ለአዳራሽና ለአዲስ ቤት የሚገዛው የጌጥ ተክል ትርፉ መልካም ነው። ኑሮ ሲከብድ በመጀመሪያ ከገዢ ልብ የሚወጣው ደግሞ ይኸው ነው፤ ሰው ቦገንቪሊያውን ይተዋል፥ ጎመኑን ግን አይተውም። የጌጥ ተክል ፈጽሞ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ዘመን ሲመለስ የሚፈለግ ነውና እናት ተክሉን ጠብቆ ማቆየት ይገባል። ነገር ግን ከመደቡ የሚበልጠው እጅ ለሚበላ ተክል መሰጠት አለበት፤ ይህም ገንዘቡ በሚመለስበት ፍጥነት እየታየ ነው። የቲማቲም፥ የጥቅል ጎመን፥ የሰላጣና የቆስጣ ችግኝ በአራትና በአምስት ሳምንት ለመሸጥ ይደርሳል፤ ቃሪያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግን በደረቁ ወራት ለውኃና ለሠራተኛ የሚሆን ሳንቲም የሚያመጣው እርሱ ብቻ ነው፤ ያለ እርሱ ኅዳርና ሰኔ አይገናኙም። ፓፓያ ከዘር ተነሥቶ በሁለት ወር ገደማ ለመትከል ይደርሳል። ወንዴና ሴቴ ስላለውና እስኪያብብ ድረስ ስለማይለይ፥ ለገዢው በአንድ ጉድጓድ ሦስት እንዲተክልና ሲያብብ የማያፈራውን እንዲነቅል መንገር ያስፈልጋል። ይህን ምክር የሚነግር ባለችግኝ ሦስት ችግኝ ይሸጣል፤ ሳይነግር አንድ የሸጠ ግን በዓመቱ ወቀሳ ያተርፋል።

የተዳቀለ አቮካዶ የተለየ ንግግር የሚገባው ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ትንሹን ሰው ከትልቁ ጋራ እኩል ሊያቆመው የሚችል ዕቃ እርሱ ነውና። ከፍሬው ዘር የበቀለ ተራ አቮካዶ እስኪያፈራ አምስት፥ ስድስት፥ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እናቱን ይምሰል አይምሰል አይታወቅም። የተዳቀለው ግን በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፤ ሐስ፥ ፉኤርቴ፥ ኤቲንገር እየተባለ ዓይነቱ ታውቆ ይገዛል። ለታችኛው ግንድ የሚሆነው ዘር በየከተማው በጁስ ቤቶች ደጃፍ የሚጣል ነው፤ ባለችግኝ በጠዋት ሄዶ ቢለምን በነጻ ያገኘዋል። ዘሩ ከደረቀ ስለማይበቅል በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መተከል አለበት። የሥር መበስበስ በሽታ እንዳይከተለውም፥ ሙቀቱ ከ49 እስከ 50 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፎ ማውጣት የተመሰከረለት ዘዴ ነው፤ ውኃው ከዚህ ከበለጠ ዘሩን ይገድለዋል፥ ካነሰም በሽታውን አይገድለውም። ቡቃያው የእርሳስ ውፍረት ሲኖረው ከመልካሙ ዛፍ የተቈረጠ ቀንበጥ በስለታም ምላጭ ይጋባበታል፤ በላስቲክ ቀጭን ጥብጣብ ይታሰራል፤ በጥላ ሥር ይቀመጣል። ከዘር እስከ ሽያጭ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ነው።

ይህን የሚሠራው እጅ ከሁሉ የከበረ ሀብት ነው። ባለችግኝ ወጪ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያሰናብተው ሠራተኛውን ነው፤ ነገር ግን የሚያዳቅለውን ሰው አሰናብቶ ውኃ የሚቀዳውን ማስቀረት፥ በሬውን ሸጦ ሞፈሩን እንደ ማስቀመጥ ይሆናል። የማዳቀል ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ስላልሆነ፥ ሁለትና ሦስት ባለችግኞች ተስማምተው አንድ አዳቃይ በተራ ቢያሠሩ ለሁሉም ይቀላል። ማታለልም በዚህ ላይ ይበዛል። ተራውን ችግኝ የተዳቀለ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም፤ ገዢውም የተታለለውን የሚያውቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ለትምህርት ቤትና ለማኅበር አቮካዶ ሲያስገዙ፥ ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የተጋባበት ጠባሳ መኖሩን በዓይን እንዲያስመለከቱ እናሳስባለን። ጠባሳ የሌለው የተዳቀለ ችግኝ የለም።

ዘር ሳይገዙ የሚፈላውም ብዙ ነው። ጤና አዳም፥ ኮሰረት፥ የጥብስ ቅጠል የሚባለው ሮዝመሪ፥ ጽጌረዳ፥ እነዚህ ሁሉ ከእናት ተክል ቅርንጫፍ ተቈርጦ ይተከላል። ለሮዝመሪ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለጋ ቅርንጫፍ ቈርጦ የታችኛውን ቅጠል መንጭቶ በአሸዋማ አፈር መትከል ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። አንድ ጊዜ የተገዛ እናት ተክል ለብዙ ዓመት ቅርንጫፍ ይሰጣልና፥ የውጭ ምንዛሪ ወጣም ወረደም ግድ የለውም። ለአገር በቀል ዛፍ ደግሞ የዘር ምንጭ ሩቅ አይደለም። በሰሜኑ ደጋ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ ጥዱ፥ ወይራውና ኮሶው ተጠብቆ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች በዚያ ጥላ ሥር ፊደል ቈጥረናል፤ ከእግራችን በታች የነበረውን ዘር ግን ቈጥረን አናውቅም። ከደብሩ አለቃ ፈቃድ ጠይቆ የወደቀ ፍሬ መልቀም ለዛፉ ጉዳት የለውም።

በላስቲክም ላይ ቍጠባ ይቻላል። ሃይላንድ የሚባለው የውኃ ፕላስቲክ፥ የወተት ከረጢት፥ የተሰነጠቀ ጀሪካን ታጥቦ ታችው ቢበሳ ችግኝ ይይዛል። ሲያዩት አያምርም፤ ገዢው ግን የሚተክለው ችግኙን ነው። በውኃ በኩል ያለው ነገር ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በብዙ ከተሞች የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የግድ ነው። ማለዳና ማታ ማጠጣት፥ ፀሐይ ሲበረታ አለማጠጣት፥ በሣር ጥላ ሥር ማቆየት ብዙ ውኃ ያድናል። ገና የበቀለውን ቡቃያ አለቅጥ ማጠጣት ደግሞ ከግንዱ ሥር እያበሰበሰ ይጥለዋል፤ ብዙ ጀማሪ ውኃውንም ቡቃያውንም አንድ ላይ የሚያጣው በዚህ ነው።

ክፉ ዘመን የዋጋ ንረት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ. ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን ታወቀ፤ በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሠርጉና ስብሰባው ሲቀር የጌጥ አበባ ገበያም አብሮ ቀረ። በሆላንድ የጨረታ ገበያ ዋጋ ስለ ወደቀ፥ ወደ ውጭ የሚልኩት ትልልቆቹ የአበባ እርሻዎቻችን እንኳ የቈረጡትን አበባ እስከ መጣል ደርሰው ነበር። በእንግሊዝ አገርም የችግኝና የአበባ መሸጫዎች ከመጋቢት 14 ቀን እስከ ግንቦት 5 ቀን 2012 ዓ. ም. ለገዢ እንዲዘጉ ተደረገ። ይህ ለእነርሱ ጸደይና የዓመቱ ዋና የመሸጫ ወራት ስለ ሆነ፥ ብዙ ተክል በየማሳደጊያው ተበላሽቶ ተጣለ። ከትናንሾቹ ብዙዎች በስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ ተክሉን ራሳቸው በየቤቱ ደጃፍ በማድረስ ያን ጊዜ አለፉት። በአሜሪካ ደግሞ በዚያው ሰሞን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በ1876 በፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተው የቡርፒ የዘር ንግድ ቤት፥ በ2020 በፈረንጆች መጋቢት ወር የሸጠውን ያህል ዘር በ144 ዓመት ታሪኩ በማናቸውም ጊዜ ሸጦ እንደማያውቅ አስታወቀ። ሰው በቤቱ ሲዘጋና ለእንጀራው ሲሰጋ ጓሮውን ይመለከታል። ከሁለቱ ነገሮች የምንረዳው፥ በችግር ጊዜ የችግኝ ፍላጎት አለመሞቱን፥ ነገር ግን ዓይነቱን መለወጡን ነው፤ ያን ለውጥ በወራት ውስጥ ሊከተል የሚችለው ደግሞ ከትልቁ ይልቅ ትንሹ ነው።

አሁን ወደ ሹማምንቱ ድርሻ እንመጣለን። መንግሥት ችግኝ ማደሉ አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በእንጨት እጦት ተቸግራ፥ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ በነበረበት ጊዜ፥ ከተማይቱን ያቆማት ከአውስትራልያ ዘሩ መጥቶ በርካሽ የታደለው ባሕር ዛፍ ነው። በእኛም ጊዜ የአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ በ2011 ዓ. ም. ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚልዮን የሚበልጥ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታወቀ። የምንዛሪው ለውጥ የሆነበትም ቀን፥ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ ይኸው ሐምሌ 22 ነበር፤ ባለችግኝ ይህን ቀን በሁለት በኩል ያስታውሰዋል። ሥራው ለአገር የሚጠቅም መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በመንገድ ዳር የግራቪልያና የጥድ ችግኝ አፍልቶ የሚጠብቅ ሰው፥ ያው ችግኝ በጎረቤቱ ቀበሌ በነጻ ሲታደል ያፈላው ሁሉ በአንድ ሳምንት ዋጋ ያጣበታል።

ይህን ጉዳት ለማስቀረት የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ወረዳው በሚመጣው ክረምት የትኛውን ዓይነት ችግኝ በነጻ እንደሚያድል በኅዳር ወር አስታውቆ መለጠፍ ነው፤ ባለችግኙ ያን ዓይነት ትቶ ወደ ፍሬና ወደ ቅመም ይዞራል። ለዚህ አንድ ወረቀትና አንድ ሙጫ ይበቃል። ሁለተኛው፥ ወረዳው ራሱ ከሚያስፈልገው ችግኝ ጥቂቱን ከእነዚህ ሰዎች በውል ቢገዛና ከዋጋው ሢሶውን በኅዳር ቢከፍል ነው። ከላይ እንዳየነው ባለችግኙ የሚያጣው ዕውቀት ወይም ጉልበት አይደለም፤ በኅዳር የሚያወጣውን ገንዘብ ነው። ያን ሢሶ ከነጋዴ በወለድ ከሚበደር ከወረዳው በውል ቢቀበል፥ ወረዳውም ሐምሌ ሲገባ የተቈጠረና የጠና ችግኝ በቅርብ ያገኛል፤ ከሩቅ ጣቢያ በመኪና ሲመጣ በመንገድ የሚሰበረውም ይቀርለታል።

የተወሰደ ተክል ዋጋው ሊከፈል እንደሚገባ መጻፍ የሚያሳፍር ነው፤ ሆኖም መጻፍ አለበት። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ወረዳ ለበዓል ማስጌጫ ተብሎ ከመንገድ ዳር ባለችግኞች ተክል በደብዳቤ ተወስዶ፥ ሁለት ክረምት እስኪያልፍ ዋጋው እንዳልተከፈለ ሰምተናል። ለወረዳው በጀት ያ ገንዘብ የማይታይ ነው፤ ለባለችግኙ ግን የአንድ መደብ አፈርና ላስቲክ ነበር። የተወሰዱትም የጌጥ ተክሎች ከበዓሉ በኋላ ያጠጣቸው ሰው አልነበረም።

የቦታው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። እነዚህ ሰዎች አብዛኛዎቹ የሚሠሩት በጊዜያዊ ፈቃድ ወይም በኪራይ ነው። መንገድ ሊሰፋ፥ ወንዝ ዳር ሊጸዳ፥ ቦታው ለሌላ ሥራ ሊፈለግ ይችላል፤ ይህን ማንም አይከለክልም። የምንለምነው ስለ ወሩ ብቻ ነው። በግንቦት የሚነሣ ባለችግኝ የዓመቱ ወጪ ሁሉ በመደቡ ላይ ቆሞ ሳለ ይነሣል፤ አሥር ሺህ ላስቲክ በጋሪ ሲጓዝ አፈሩ ይፈርሳል፥ ሥሩም ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሚነሣ ግን ክረምቱን ሸጦ መደቡን አራግፎ ስለሚገኝ፥ እናት ተክሎቹንና በርሜሉን ጭኖ በሁለት ቀን ሥራውን ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውራል። ለወረዳው የአራትና የአምስት ወር መዘግየት ነው፤ ለሰውየው ግን መኖርና አለመኖር ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ፥ ቢያንስ አንድ የመሸጫ ክረምት እስኪያልፍ ተቈጥሮ ቢሰጥ ይገባል። ቦታ የሚያከራዩም ባለይዞታዎች ኪራዩን በየወሩ እኩል ከመጠየቅ ይልቅ፥ በደረቁ ወራት ጥቂት፥ በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ቢቀበሉ ዓመቱ ሲደመር የሚቀርባቸው ነገር የለም። በኅዳር አስጨንቀው ካስወጡት ሰው ይልቅ በነሐሴ ጠብቀው የሚቀበሉት ሰው ሙሉ ኪራይ ይከፍላቸዋል።

ክረምቱ ሲያልፍ ሳይሸጥ የሚቀር ችግኝ አይታጣም፤ ስለ እርሱም ጥቂት እንበል። ሁሉን ለከርሞ ላቆየው ማለት ትልቅ ወጪ ነው። በመስከረም መደቡን ዞሮ እያዩ ከአምስቱ አንዱን፥ ግንዱ ቀጥ ያለውንና ቅጠሉ የለመለመውን መምረጥ፥ የተጠቀለለውን ሥር ከታችና ከጎን በምላጭ ቈርጦ ወደ ሰፊ ላስቲክ ማዛወር ይገባል፤ እርሱ በሚመጣው ዓመት በትልቅ ዋጋ ይሸጣል። ከቀሩት ደኅና የሆኑትን አጥሩን ለማልማት ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ዝናሙ ሳያበቃ በጥቂት ዋጋ መልቀቅ ነው፤ ጥቅምት ከገባ በኋላ የተተከለ ውኃ የሚያጠጣው ከሌለ አይጸናምና። የማይረባው ተነቅሎ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይገባል። ላስቲኩ ያልተቀደደ ከሆነ ታጥቦ ይታሰራል፤ አፈሩም ተነፍቶ፥ ጥቂት ሳምንት በፀሐይ ተሰጥቶ፥ አዲስ ፍግ ተጨምሮበት ለኅዳር ይቀመጣል።